ለአደንም ለዕለት እንጀራም አንድ መኪና፦ ከኮሎራዶ የቀረበ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን ያነሳው ኮሎራዶ ውስጥ በኦሮራ ከተማ የሚኖር ወገናችን ነው። በዴንቨርና በአውሮፕላን ማረፊያው መካከል በስልክ መተግበሪያ በሚመጣ ጥሪ መንገደኛ እያመላለሰ ይተዳደራል፤ በዓመት ወደ 30 ሺህ ማይል እንደሚነዳም ጽፏል። በጥቅምትና በኅዳር ግን ከጓደኞቹ ጋር በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ወዳሉት ወደ ክሬግና ወደ ሚከር አካባቢ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ይወጣል። እስካሁን በሰው መኪና ስለሄደ የሚመለሰውም ባለመኪናው በፈቀደው ሰዓት ነው። አሁን አሮጌ የቤት መኪናውን ሸጦ ለሁለቱም ሥራ የሚሆን አንድ መኪና ሊገዛ አስቧል። አቅሙ ከ25 ሺህ ዶላር አያልፍም፤ ሁለት መኪና እንዳይዝ ደግሞ የሚኖርበት አፓርታማ ለአንድ ተከራይ አንድ ማቆሚያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ልቡ ወደ ቶዮታ ፎርራነር ማዘንበሉን አልደበቀም። የጠየቀው ሱባሩ አውትባክ ይበቃው እንደሆነ፣ ወይስ ፎርራነር ወይም ፒካፕ የግድ እንደሚያስፈልገው ነበር።

መልሶቹ 26 ደርሰዋል። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቄ እተርካቸዋለሁ፤ ክብደታቸው ግን እኩል ስላልሆነ አንዳንዱን በጨረፍታ አልፋለሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ ከሰላምታና ከመልካም ምኞት በኋላ ፒካፕ እንዲገዛ መከረ፤ ለይቶ የጠቀሰውም ባለ 2.7 ሊትር ቱርቦ ሞተሩን ፎርድ ኤፍ 150 ነው። ምክንያቱ ሥጋው ነው። አንድ ወንድ ኤልክ ከነሕይወቱ 700 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ አጥንቱ ወጥቶም ወደ 200 ፓውንድ ሥጋ ስለሚተርፍ፣ እንዲህ ያለውን ደም የሚያንጠባጥብ ጭነት ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ማስገባት አይገባም ባይ ነው። ቱርቦውን፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ፣ የመረጠው በከፍታው ምክንያት ነው፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህሉን ያጣል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት የአይዘንሃወር ዋሻ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ይገኛል። 2ኛው በሐሳቡ ተስማምቶ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። በኮሎራዶ ማደያዎች በርካሽ የሚሸጠው ቤንዚን 85 ኦክቴን ሲሆን የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች መመሪያ ግን ከ87 በታች እንዳይቀዳ ያዝዛል፤ ስለዚህ የነዳጅ ሒሳብ ሲሠራ በ87ቱ ዋጋ ይሁን ብሏል።

ከሁሉም መልሶች የላቀው በእኔ አስተያየት 3ኛው ነው። የጻፈችው በሒሳብ አያያዝ ሥራ የምትተዳደር እህት ናት። መነሻዋ፣ ጠያቂው በዓመት ከሚነዳው 30 ሺህ ማይል ውስጥ የአደኑ ድርሻ ከ1,000 ብዙም እንደማያልፍ፣ ስለዚህም ዋጋውን የሚወስነው የቀረው 29 ሺህ ማይል መሆኑ ነው። ፎርራነር በከተማና በአውራ ጎዳና ተደባልቆ በጋሎን 17 ማይል፣ አውትባክ 28፣ የቶዮታ ሲዬና ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) በአራቱም እግሩ የሚነዳው 35፣ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ደግሞ 40 ማይል ይሄዳሉ። ቤንዚኑ በጋሎን 3 ዶላር ነው ብንል፣ የዓመቱ ወጪ ለፎርራነር ወደ 5,300፣ ለአውትባክ ወደ 3,200፣ ለሲዬና ወደ 2,570፣ ለራቭ ፎር 2,250 ዶላር ይሆናል። ቀጥላ ያነሳችው ብዙ አሽከርካሪዎች የሚዘነጉት ነጥብ ነው። የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ለ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከሚታከስበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ይህ ተመን መኪናው ውድም ይሁን ርካሽ፣ ብዙም ይጠጣ ጥቂት፣ ያው ነው። ስለዚህ በማይል ትንሽ የሚያስወጣ መኪና የያዘ ሰው ልዩነቱን ኪሱ ያስቀራል፤ ብዙ የሚጠጣ የያዘ ግን በዚያው ተመን ያጣዋል። ለአደን የተነዳው ማይል ከታክስ እንደማይቀነስ፣ ሁለቱንም ለይቶ መመዝገብ እንደሚያስፈልግም አስታውሳለች።

4ኛው ይህን አልወደደውም። ፎርራነር ዋጋውን ስለማይጥል ከዓመታት በኋላ ሲሸጥ የነዳጁን ብክነት ይክሳል አለ። 5ኛው መልስ አጭርና ትክክለኛ ነበር፦ ዋጋ የማይጥል መኪና አሮጌውም ውድ ነው፤ በ25 ሺህ ዶላር የሚገኘው ፎርራነር ብዙ ማይል የሄደ ይሆናል፤ በዓመት 30 ሺህ ማይል የሚጨመርበት መኪና ደግሞ ማንኛውም ዓይነት ቢሆን ዋጋውን አይጠብቅም።

6ኛው ወደ መመዝገቢያው ክፍያ ወሰደን። በኮሎራዶ መኪና በየዓመቱ ሲታደስ የሚከፈለው የባለቤትነት ቀረጥ የሚታሰበው ከተገዛበት ዋጋ ነው አለ። 7ኛው በትሕትና አረመው። የሚታሰበው መኪናው አዲስ ሳለ ፋብሪካው ካወጣለት ዋጋ 85 ከመቶ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 2.1 ከመቶ፣ በሁለተኛው 1.5፣ በሦስተኛው 1.2፣ በአራተኛው 0.9፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው 0.45 ከመቶ ሲሆን፣ ከአሥረኛው ዓመት ጀምሮ 3 ዶላር ብቻ ይሆናል። አዲስ ሳለ 50 ሺህ ዶላር የወጣለት መኪና በመጀመሪያው ዓመት ወደ 890 ዶላር፣ በስድስተኛው ዓመት ወደ 190 ዶላር ያስከፍላል ማለት ነው። አሮጌ መኪና በርካሽ የገዛ ሰው ቀረጡ ለምን እንዳልቀነሰለት የሚገርመው ይህን ባለማወቁ ነው።

8ኛውና 9ኛው በዚያው መመዝገቢያ ላይ ትንሽ ተጋጩ። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከምዝገባው ጋር በ29 ዶላር የሚመጣው የመናፈሻ ፈቃድ ለአደን ስፍራም ያገለግላል አለ፤ ሌላው ፈቃዱ ለክፍለ ግዛቱ መናፈሻዎች እንጂ ለዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታዎች እንደማይሠራ፣ ለእነዚያ የአደን ፈቃድ ወይም የራሳቸው መግቢያ እንደሚያስፈልግ፣ የማይፈልግ ሰውም 29 ዶላሩን አልከፍልም ብሎ መተው እንደሚችል አስረዳው። ትክክሉ 9ኛው ነው።

ከ10ኛው ጀምሮ ንግግሩ ሻከረ። 10ኛው ጸሐፊ ሱባሩ የሴት መኪና ነው፣ ተራራ የሚወጣው ዝቅተኛ የጉልበት ማርሽ ያለው ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። 11ኛው፣ በሚከር ዙሪያ በአውትባክ ያልደረሰበት የመኪና ማቆሚያ እንደሌለ መሰከረ። 12ኛው መካኒክ ሲሆን፣ ሁለቱም የተለያየ ነገር እያወሩ መሆኑን በሰፊው አስረዳ። በአብዛኛው ፎርራነርና በፒካፕ ላይ ያለው ፎር ዊል አሽከርካሪው ሲፈልግ የሚያስገባው ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ካልተነቀለ ጥርሶቹ ይወጣጠራሉ፣ መሪውም ይከብዳል። ሱባሩ ግን አራቱንም እግር ሁልጊዜ ይነዳል፤ ከዴንቨር ሲወጣ ደረቅ፣ ዋሻው ላይ በረዶ፣ ከዋሻው ወዲያ እርጥብ በሚሆን ጎዳና ላይ ሹፌሩን ከማሰብ ያሳርፈዋል። ዝቅተኛው የጉልበት ማርሽ የሚያስፈልገው ድንጋይ ለመውጣት፣ በጭቃ ከባድ ተጎታች ለመጎተትና በቁልቁለት ፍሬን ሳይረግጡ ለመውረድ ነው። ከመሬት ያላቸውን ከፍታ በተመለከተ አውትባክ 8.7 ኢንች፣ ፎርራነር 9.6 ኢንች ነው፤ ልዩነቱ አንድ ኢንች እንኳ አይሞላም። የሚለያቸው የኋላ አክስሉና የጎማው ጥንካሬ እንጂ ከፍታው አይደለም አለ። 13ኛው ለመካኒኩ የመለሰው ስድብ ነበር፤ እስከዚያ እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት ሰዎች ወደ አንተ የወረዱትም እዚህ ላይ ነው። ስድቡን መድገሙ ስለማይጠቅም እተወዋለሁ።

14ኛውን መልስ የጻፈችው ራሷ አዳኝ የሆነች ሴት ናት። የሴት መኪና ለተባለው ክርክር አልገባችም፤ በሱባሩ ፎሬስተር ወደ ዎልደን አካባቢ ወጥታ ሴት ኤልክ እንደጣለች ብቻ ገልጻ ወደ ዋናው ነገር ገባች። አዳኝ መኪና የሚመርጠው ግዳዩ እስከወደቀበት ሊነዳ ይመስል ሁሉም ስለ ፈረስ ጉልበት ይከራከራል፤ ሕጉ ግን ከብዙ ቦታ ይከለክለዋል። እንደ ፍላት ቶፕስ ባሉ የተከለሉ የዱር አካባቢዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ አይገባም፤ በብሔራዊ ደኖችም ቢሆን የሚነዳው የደን አስተዳደሩ በነፃ በሚያድለው የተሽከርካሪ ካርታ ላይ በተመለከቱት መንገዶች ብቻ ነው፣ በአብዛኞቹም ሥጋ ለማውጣት ተብሎ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው። ከግዳዩ እስከ መኪናው ያለውን የሚሸከመው የሰው ጀርባ ነው፤ አራት ጊዜ ወይም አምስት ጊዜ መመላለስ ይኖራል። ስለዚህ መኪናው የሚጠየቀው የጠጠሩን መንገድ ጨርሶ እንዲደርስና በረዶ ቢጥል እንዲመለስ ነው። ከዚህ መልስ በኋላ የክርክሩ መንፈስ ተለወጠ፤ 10ኛው ጸሐፊም ዳግመኛ አልታየም።

15ኛው ጠያቂው ያላነሳውን ጉዳይ አነሳ፦ እሑድ ሥጋ የጫነ መኪና ሰኞ መንገደኛ ይዞ ምን ይሸታል? ምንጣፍ የጠጣው ደም በሳሙና እንደማይለቅ፣ አንድ ቅሬታ የጻፈ መንገደኛም የሳምንት ገቢ እንደሚያስቀር ከሹፌርነት ልምዱ ጽፏል። 16ኛው መድኃኒቱን ሰጠ። ሥጋው አጥንቱ ወጥቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ሆኖ፣ ክዳናቸው በሚገጥም የበረዶ ሣጥኖች ውስጥ ይጫን፤ ሣጥኖቹም በትንሽ ተጎታች ላይ ይሁኑ። ተጎታቹን ለእነዚያ ቀናት ብቻ መከራየት ስለሚቻል የማቆሚያ ጥያቄ አይነሳም። ነገር ግን የመኪናው አቅም ይታይ፦ ቱርቦ የሌለው አውትባክ 2,700 ፓውንድ፣ ራቭ ፎር ሃይብሪድ 1,750፣ ሲዬና 3,500 ፓውንድ ይጎትታሉ። በተጎታች ፈንታ ከኋላ መንጠቆው ላይ መደርደሪያ የሚሰቅል ሰው ሊያስብበት የሚገባው ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ነው፤ እሱ በተለምዶ ከመጎተቻው አቅም አንድ አሥረኛ ነው። በራቭ ፎር 175 ፓውንድ ላይ የመደርደሪያው የራሱ ክብደት ሲነሳለት የአንድ ኤልክ ሥጋ አይችልም። ፖርቶመጋላ ላይ መጫን የሚያምራቸውን ደግሞ ክብደቱ ከላይ ሲሆን መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ እንደሚዋልል አስጠንቅቋቸዋል።

17ኛው የሲዬና ባለቤት ነበር። ሰባት ሰው ስለሚጭን ትልቅ መኪና ለሚጠሩ መንገደኞች እንደሚያገለግል፣ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ሰው ተጋድሞ እንደሚያድርበት፣ የኋላ እግሮቹን የሚነዳው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ በበረዶ እንደማያሳፍር አወደሰው። 18ኛው ግን ከመሬት ያለውን ከፍታ አስታወሰው፦ ወደ 6 ኢንች ተኩል ነው። በአስፋልት በረዶ ይበቃል፤ ከባድ መኪና በረገጠው ጭቃ ላይ ግን ሆዱ ይቀመጣል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ሲዬና ለዕለት እንጀራው ከሁሉ የተሻለ፣ ለመጨረሻዎቹ አምስት ማይሎች ግን ከሁሉ የባሰ ነው።

19ኛው መልስ ስለ መኪናው ምርጫ ባይሆንም ጠያቂውን ከከፋ ችግር የሚያድን ነው። በስልክ መተግበሪያ ጥሪ የሚያሠሩት ኩባንያዎች ሹፌሮች በሥራ ላይ ሳሉ የጦር መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፤ ከአደን የተመለሰ ሰው ጠመንጃውን ቤቱ ሳያገባ መተግበሪያውን እንዳይከፍት። ለአደን ሲሄድም ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ በመኪና መጓዝ በኮሎራዶ ሕግ ክልክል ነው። ተራው ኢንሹራንስ መንገደኛ በክፍያ የሚጫንበትን ሰዓት ተጨማሪ ውል ካልተገባ ስለማይሸፍን፣ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ዋጋው ይጠየቅ። በዴንቨር ዙሪያ በረዶው ድንጋይ ሆኖ ሲወርድ የሚያደርሰው ጉዳት የኢንሹራንሱን ዋጋ እንደሚያንረውም ጨምሯል።

20ኛው ወደ አሮጌ ቶዮታ ታኮማ አመለከተ፤ ራሱ ግን ሻንሲው ሳይታይ እንዳይገዛ አሳሰበ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩት ታኮማዎች የሻንሲ ዝገት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 በፍርድ ቤት ስምምነት አድርጎ ሻንሲ ለመመርመርና ለመለወጥ ተስማምቷል፤ ዋስትናው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ 12 ዓመት ስለነበረ ዛሬ ለገዢው አይደርሰውም። በኮሎራዶ ጎዳናዎች በክረምት የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድም ለብረት ወዳጅ አይደለም፤ ክሪክ ላይ አውጥቶ ከሥር በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የሚያይ ሰው ይዘህ ሂድ ብሎታል።

21ኛው መልስ የአዛውንት ነው። አዛውንቱ ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ለእንጀራ ሃይብሪድ፣ ለአደን ደግሞ አሥር ዓመት ያለፈው ርካሽ ፒካፕ እንዲይዝ መከሩ፤ ቀረጡም በ7ኛው መልስ መሠረት 3 ዶላር ብቻ ነው አሉ። በአገር ቤት የሚያውቁት ሃይሉክስ እዚህ ቢገኝ ሌላ እንደማይመርጡም ጨመሩ። አንድ ማቆሚያ ብቻ ላለው ሰው የሁለት ባላው ምክር አይሠራም፤ ስለ ሃይሉክሱ ደግሞ 22ኛው በአክብሮት፣ መኪናው በአሜሪካ በዚህ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንደማይሸጥ፣ ከውጭ የሚገባውም 25 ዓመት የሞላው ሲሆን እንደሆነ፣ ለእንዲህ ያለው መለዋወጫ ፍለጋ ደግሞ የአደኑን ወራት እንደሚበላ ነገሯቸው።

23ኛው ከርዕሱ ወጥቶ፣ በጥይት የወደቀ እንስሳ ሥጋ ይበላል ወይ ሲል ጠየቀ፤ አንድ ሰው ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት መካከል መቆጠራቸውን፣ ደሙ ግን ወዲያው መፍሰስ እንዳለበት በዚያው ሥር መለሰለት። አራተኛው የጠመንጃ አደን ወቅት የሚያልቀው ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል መሆኑም ተነሣ፤ ያን ጊዜ የጣለ ሰው ሥጋውን እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት እንደሚኖርበት ተሳሳቁበት።

24ኛው ጨዋታውን ወደ መንገዱ መለሰው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በኢንተርስቴት 70፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ ይሠራል። በአራት እግር የሚነዳ መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ከ3/16 ኢንች ማነስ የለበትም። የተላለፈ ከ130 ዶላር በላይ፣ መንገድ የዘጋ ደግሞ ከ650 ዶላር በላይ ይቀጣል። በዓመት 30 ሺህ ማይል የሚነዳ ሰው ጎማውን ቶሎ ስለሚጨርስ፣ በበጋ ደህና የነበረው ጎማ በጥቅምት ሕገ ወጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህም ከዚያም የተባለውን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ፣ በጀቱ ጠባብ ለሆነ አዳኝ ከመኪናው ስም ይልቅ ጎማው እንደሚበልጥ ያሳመነኝ ይህ መልስ ነው፤ ተራ የመንገድ ጎማ ያጠለቀ ፎርራነር የተራራና የበረዶ ምልክት ያለበት ጎማ ካጠለቀ አውትባክ ኋላ ይቀራል።

25ኛውን የጻፈው ጠያቂው ራሱ ነበር። ሁሉንም አመስግኖ፣ ፎርራነሩን በ3ኛው መልስ ሒሳብ ምክንያት መተዉን አስታወቀ። ራቭ ፎር ሃይብሪድን የነዳጁ ነገር ቢያስጎመጀውም በዋጋውና በመጎተቻው ማነስ ጥሎታል፤ ቱርቦ የሌለው፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ አውትባክ ሊፈልግ ነው። የቀረው ጥያቄ ስለ ጎማ ነበር፦ አራቱን አሁን መለወጥ ይሻላል ወይስ ሁለት ሁለቱን?

26ኛው፣ ያው መካኒክ፣ ሁለት ሁለቱን መለወጥ በዚህ መኪና እንደማይሆን መለሰ። አራቱም እግር ሁልጊዜ ስለሚነዳ የጎማዎቹ ዙሪያ ከተለያየ በውስጥ ያለው ክላች ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ይሞቃልም፤ አራቱ በአንድ ጊዜ ይገዙ፣ በየ6,000 ማይሉም ይዘዋወሩ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትርፍ ጎማ ቀጭኑና ለጊዜው ብቻ የሚያገለግለው ስለሆነ፣ ለአደን ሲወጣ ሙሉ መጠን ያለው አምስተኛ ጎማ በተጎታቹ ላይ ይጫን፤ ልኩም ለአብዛኞቹ ባለ 17 ኢንች አውትባኮች 225/65 ነው። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ጎማ ቤቶች በሰልፍ ስለሚጨናነቁ ከመስከረም ሳያልፍ እንዲያስገጥም ነግሮታል።